ጉርዱና ረጅሙ ዱላ

ጎልፍ ሜዳው ላይ "ጉርዱ" የማይለው ሰው የለም። በአጭር ቁመቱ የወጣለት ስም ነው፤ ሲጠሩት እየሳቀ "አቤት" ይላል፣ ውስጡ ግን እርር ይላል።

ዛሬ ረጅሙን ዱላውን ይዞ ዱላ ጠጋኙ ዘንድ ሄደ። "ረዝሞብኝ ኳሷ ዛፍ ውስጥ እየገባች አስቸገረችኝ፤ ቁረጥልኝ" አለው።

ጠጋኙ ዱላውን አስሮ መጋዙን አነሳ። "እሺ፣ ልጉረደው።"

"ቆይ!" አለ ጉርዱ። ሚስቱን ምጥ የያዛት ይመስል በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ ተቀመጠ፣ ተነሳ። "በቃ፣ ቁረጠው።" መጋዙ ዱላውን ሲነካ፣ "ቆይ ቆይ!"

"ወንድሜ፣ ልቤን አደረቅከው እኮ! እስቲ እጅህን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርገህ ያዝና እዚያ መረብ ላይ ምታ።"

ጠጋኙ ዱላውን ፈትቶ ሰጠው፤ ጉርዱም መታ። ኳሷ መረቡ መሀል ላይ ጧ አለች።

"አየህ? አጠር ሲል ነው የሚስማማህ። አሁንስ ልጉረደው?"

ጉርዱ ዱላውን ደረቱ ላይ ለጠፈው። "ወግድ! እንዲሁ ዝቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። ለአንድ ሜዳ አንድ ጉርድ ይበቃዋል!"