የማክሰኞዋ ቀለበት

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ የገበያ ቀን። ከላይ መንደርም ሆነ ከታች መንደር ግን አንድ አህያ አልተጫነም። ሰው ሁሉ የመስኖው ቦይ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ፣ ከወይራው ሥር ተሰብስቧል።

መምህር ዘመኑ ተማሪዎቹን አስከትሎ ሲደርስ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው በአንዳርጌ ክላሽ ላይ ነበር። አንዳርጌ መሣሪያውን በትከሻው አላንጠለጠለውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ አጋድሞታል። የላይ መንደር ወንዶች ከጎኑ ተደርድረዋል። ከቦዩ ማዶ የታች መንደሯ ካሣነሽ ከል እንደለበሰች ዶማዋን ተደግፋ ቆማለች። ትናንት ስማዳ ለቅሶ ውላ ማታ ነው የተመለሰችው። ከኋላዋ ድንቿ ይታያል። አበባ ይዟል፤ ቅጠሉ ግን በጥማት ተጠቅልሏል።

ነገሩ አጭር ነው። የዛሬው ውሃ የማን ነው? የእሷ ወይስ የአንዳርጌ? ዛሬ ያላገኘ ነገ አያገኝም። ነገ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ከነገ ወዲያ እሑድ። በበዓል ቦዩ ይዘጋል፤ ውሃው ለወንዙና ለከብቱ ይለቀቃል። አንዳርጌ ቢታገሥ ሰኞ ይደርሰዋል፤ ሽንኩርቱ ይጎዳ ይሆናል እንጂ አይሞትም። ካሣነሽ ግን ተራዋ ትናንት አልፏል ከተባለ ዙሩ እስኪመለስ ድንቹ አይቆይላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቷ ጉሮሮ ደግሞ እሱ ነው።

ዘመኑ ነገሩ እሱንም እንደሚነካ ያውቃል። ይህን ተራ በልጆች አፍ ያስቀመጠው እሱ ነውና።

ዘመኑ የኮምፒውተር መምህር ነው። ለትምህርት ቤቱ የመጡት ኮምፒውተሮች ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት። ክረምቱን ባሕር ዳር ወርዶ ብሎክቼይን ስለሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ አያያዝ ሠልጥኖ ተመለሰ። በምን ያስተምረው? ልጅ ሳለ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ ሊማር ከቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ገብቶ ነበር። አልጨረሰም። አንድ ነገር ግን ከልቡ አልወጣም፤ እዚያ አንዱ ሲያዜም ቢስት፣ የኔታ ገና ቀና ሳይሉ ጓደኞቹ ያርሙታል። ዜማው በአንድ ሰው ዘንድ አልተቀመጠም፤ በሁሉም ዘንድ ነው። አንዱን ማሳት ይቻላል፤ ሁሉን ማሳት ግን ይከብዳል።

«ብሎክቼይን ማለት ይኸው ነው» አላቸው ተማሪዎቹን። «ብቻውን የሚይዘው አለቃ የለውም። ሁሉም ይይዘዋል። ሰንሰለት ነው፤ እያንዳንዷ ቀለበት ከፊቷ ያለችውን ነክሳለች። አንዷን ልለውጥ ያለ ከእሷ ጋር የተያያዙትን ሁሉ መለወጥ ይኖርበታል። መንደርም እንደዚሁ ይተዳደራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ…»

«ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» ብለው ጨረሱለት።

«መምህር፣ ሃምሳዎቹ ተስማምተው ሎሚውን ቢበሉትስ?» አለች ሜሮን ከኋላ።

ክፍሉ ሳቀ። ዘመኑም ሳቀ። መልስ ሳይሰጣት ደወል ተደወለ።

ለመለማመጃ የውሃውን ተራ ሰጣቸው። በየጧቱ አንዱ ይነሣል፤ ያለፉትን ቀናት ተራ በቃሉ ይወጣና የዕለቱን ቀጥሎ ይቀመጣል። ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ቢስት ያርሙታል። የውሃ ዳኛ የነበሩት አቶ ተስፋሁን ካረፉ ወዲህ ሁለቱ መንደሮች በአንድ ሰው መስማማት አቅቷቸው ነበር። ቄስ ደምሌ ልጆቹን ሰሙና «እንግዲያስ በነዚህ አፍ ይቀመጥ» አሉ። ሁለቱም መንደር ተቀበለ። ዘመኑ ኮራ። ከኩራቱ የተነሣ አንድ ነገር ልብ አላለም፤ ከተማሪዎቹ የሚበዙት የላይ መንደር ልጆች፣ የአንዳርጌ ሥጋ ዘመዶች ነበሩ።

ቄስ ደምሌ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«ልጆች፣ ትናንት ሐሙስ ውሃው የማን ነበር?»

ከላይ መንደር ልጆች አንዱ «የእትዬ ካሣነሽ» አለ። ሌላው ደገመው። ሌላይቱም ደገመችው። የሚናገሩት ሁሉ መሬት መሬት እያዩ ነበር።

«ውሸት ነው!» አለች የካሣነሽ ልጅ ቃልኪዳን። «ትናንት የአቶ አስናቀ ነበር!» ጥቂት የታች መንደር ልጆች አብረዋት ጮኹ፤ ድምፃቸው ግን አነሰ።

አስናቀ የአንዳርጌ አማች ነው። ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «የኔ ረቡዕ ነበር» አለ። «ትናንት እሷ አልተገኘችም። ባለቤት ያልተገኘለት ውሃ ለጎረቤት ይሻገራል፤ ወጉ ነው። ወሰድኩት። ዛሬ ደግሞ የአንዳርጌ ነው።»

«ረቡዕ!» አለች ካሣነሽ። «ረቡዕ ማታ በአትክልት መደብህ አጠገብ ሳልፍ አፈሩ አመድ ነበር። ኧረ ፈጣሪን ፍራ አስናቀ!»

«ተይ እንጂ ካሣነሽ» አለ አንዳርጌ እየሳቀ። «ለቅሶ የሚሮጥ ሰው ደረቅና እርጥብ ይለያል?» ቀጠለና ወደ ዘመኑ ዞረ። «አንተ መምህር! ብዙ አፍ የያዘው እውነት ነው ብለህ አስተምረህ የለም? ቁጠር እንግዲህ። ወይስ ብሎክህ የሚሠራው ለታች መንደር ነው?»

የላይ መንደር ሰው ሳቀ። ዘመኑ አንገቱን ሲያዞር ዓይኑ ከሜሮን ዓይን ጋር ገጠመ። አልሳቀችም። የሎሚውን ጥያቄ መልስ አሁን የምትጠብቅ ይመስል ነበር።

ዘመኑ ዝም ቢል የሚሞተው ድንች ነው። ቢናገር ማን እንደሚሞት አያውቅም። በዚያ አገር ሰው በድንበርና በውሃ ተገዳድሏል፤ ደሙ ዛሬም የሚፈለግ አለ።

ያኔ የቤተ ልሔሙ ጉባኤ ትዝ አለው። የኔታ ተማሪን ሲፈትኑ አንዲት ቃል ነጥለው አይጠይቁም ነበር። «ከላይ አምጣው» ነው የሚሉት። አንዲቷን ቃል ብቻ ከሌላ ተቀብሎ የያዘ ልጅ፣ ከላይ ጀምሮ ሲወርድ ከመንገድ ይቀራል።

«አባ» አለ ቄስ ደምሌን። «ጥፋቱ ከአጠያየቃችን ነው። እኔም ያስተማርኩት ለዚህ አልነበረም። አንዲት ቀለበት ነጥለን አንጠይቃቸው። ሰንሰለቱን ይወጡት። ከሰኞ ጀምረው ይምጡ።»

«ለምን ከአዳም አይጀምሩም?» አለ አንዳርጌ።

«ሰኞ ይበቃል» አሉ ቄስ ደምሌ። «ሰኞ የኔ ነበር። ገብሴን ያጠጣሁት በዓሉ ሳይገባ ነው፤ የሚክድ አለ?»

የሚክድ አልተገኘም።

ልጆቹ እንደ ክፍላቸው ወንበር ቅደም ተከተል ተሰለፉ። መጀመሪያ ተራው የደረሰው ዓለምነህ ነበር፤ የላይ መንደሩ የአቶ አበባው ልጅ። አበባውም የአንዳርጌ አጎት ልጅ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰኞ የቄስ ደምሌ» አለ። «ማክሰኞ…»

ቆመ።

«ማክሰኞስ?» አሉ ቄስ ደምሌ።

ዓለምነህ አባቱን አየ። ትናንት ማታ ቤት የተነገረው ሐሙስ የካሣነሽ፣ ረቡዕ የአስናቀ መሆኑ ነው። በእውነቱ ረቡዕ ያጠጣው ግን አባቱ ነበር። ረቡዕ ለአስናቀ ከተሰጠ የአባቱ ተራ ወዴት ይሂድ? ሰኞ በቄሱ ተይዟል። የቀረችው ማክሰኞ ናት። ማክሰኞ ደግሞ ዐሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ነው። ሁለቱን ቀለበት ሲያንቀሳቅሱ ሦስተኛዋን ረስተዋታል። ልጁ «የአባቴ» ቢል፣ የሚካኤል ማኅበርተኛ የሆነው አባቱ በሚካኤል ቀን ቦይ ከፈተ ማለቱ ነው። ቢዘላት አባቱ በዚህ ዙር ተራ አልነበረውም ማለት ይሆናል።

የተሰበሰበው ሰውም ቀናቱን በልቡ ሲቆጥር ከፊቱ ይታይ ነበር። አንዲት ባልቴት በመዳፏ አፏን ያዘች።

«እኔ በሚካኤል ዶማ አላነሣሁም!» ብሎ አበባው ተነሣ።

«ማን አለህ?» አሉ ቄስ ደምሌ ቀስ ብለው።

አበባው ዙሪያውን አየና ተቀመጠ።

«ልጁን አታስጨንቁት!» ብሎ አንዳርጌ ጮኸ። «ደንግጦ ነው። ቀጣዩ ይውጣው!»

ይህን ካለ በኋላ ነው ቀጣዩ ማን እንደሆነ ያየው። ከዓለምነህ አጠገብ የቆመችው ጽዮን ነበረች፤ የገዛ ልጁ።

ጽዮን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

«ጽዮን፣ ግድ የለም፤ ተመለሽ» አላት ዘመኑ።

አልተመለሰችም። ዓይኗን ከወይራው ግንድ ላይ ተከለችና በየጧቱ እንደምትለው፣ ሳትቸኩል ወረደችው።

«ሰኞ የቄስ ደምሌ። ማክሰኞ ሚካኤል ነበር፤ ውሃው ለማንም አልተከፈተም። ረቡዕ የአቶ አበባው። ሐሙስ የአቶ አስናቀ። ዓርብ የእትዬ ካሣነሽ። ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ሰኞ…» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሰኞ የአባቴ።»

ክላሹ ሲቀባበል ሁሉም ሰማ።

ዘመኑ እንዴት እንደሄደ አያውቅም፤ ራሱን ያገኘው ከልጅቱ ፊት ቆሞ ነው። ከኋላው ትንፋሿ ይሰማዋል። ከፊቱ አንዳርጌ ተነሥቷል። አፈሙዙ ገና ወደ መሬት ነው፤ ግን ቀና ለማለት የሚፈጅበት ጊዜ አልነበረም። ቄስ ደምሌ መቋሚያቸውን ጥለው መስቀላቸውን አወጡና መሀል ገቡ።

«አንዳርጌ! ገዝቼሃለሁ! ማክሰኞ በዋለው፣ በሊቀ መላእክት በሚካኤል ገዝቼሃለሁ!»

አንዳርጌ መስቀሉን አላየም፤ ዘመኑንም አላየም። በዘመኑ ትከሻ ላይ አሻግሮ ልጁን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ክላሹን አንገቱ ውስጥ አጠለቀና ወደ ላይ መንገድ ገባ። የላይ መንደር ወንዶች አንድ ባንድ ተከተሉት። አስናቀ መጨረሻ ተነሣ፤ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

ካሣነሽ አላመሰገነችም፤ እልልም አላለች። ዶማዋን አንሥታ የቦዩን ጭቃ ናደች። ውሃው ወደ ድንቹ ገባ።

ሰኞ ጧት የጽዮን ወንበር ባዶ ነበር።

ተማሪዎቹ ሰንሰለቱን ጀመሩ። ዓለምነህ ማክሰኞን በሚካኤል ስም አለፋት፤ ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ግን አለ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ እያሉ መጡና የዕለቱ ተራ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የዛሬዋን ቀለበት የምትቀጥለው ጽዮን ነበረች። ቀለበቷን ሁሉም ያውቋታል። ማንም አላላትም።

«ሜሮን፣ በይው» አለ ዘመኑ።

«እሷ ትምጣና ትበለው» አለች ሜሮን። በዚያን ቀን ማንም አልቀለደም።

ከትምህርት በኋላ ዘመኑ ብቻውን ወደ ላይ መንደር ወጣ። አንዳርጌ ሱሪውን ጠቅልሎ ሽንኩርቱን ያጠጣል። ክላሹ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ጽዮን ከመደቡ ወዲያኛው ጫፍ ጀርባዋን ሰጥታ ውሃ ትመራለች።

«እንዴት ዋሉ አያ አንዳርጌ።»

«ልትቆጥር መጣህ?»

«ጽዮን ከትምህርት ቀርታ ነው።»

«ተራችን ነው። ውሃ ሰው ይፈልጋል።»

«ነገስ?»

አንዳርጌ ጭቃ ዛቀና አንዱን ትልም ደፍኖ ሌላውን ከፈተ። «አልሞተም» አለ፤ ሽንኩርቱን እያየ። ቀና ሳይል ቀጠለ። «ሐሙስ የአስናቀ ነበር። ዓርብ የካሣነሽ። ይኸው፣ ከአፌ ሰማህ። በቃህ?»

በቃኝ ብሎ መሄድ ቀላል ነበር። የዘመኑ እግርም ሊሄድ ዳድቶታል።

«ለኔ ብቻ ከነገሩኝ አልተናገሩትም» አለ። «እኔ አንድ ሰው ነኝ።»

አንዳርጌ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኑ ወደ አጥሩ ሄደ። የዘመኑም ዓይን ተከተለው። ከመደቡ ጫፍ የጽዮን ዶማ ጸጥ አለ። ውሃው ያልተመራበት ትልም ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ።

«ድጓውን ያልጨረስከው በዚህ ምላስህ ነው» አለ አንዳርጌ በመጨረሻ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ውሃው እየፈሰሰ ነው!» ብሎ ወደ ልጁ ጮኸ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ነገ ትመጣለች። እሑድን ግን አትጠይቀኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሁለቱ መንደር ሰው ደጀ ሰላም እንደሚቀመጥ፣ በሰው ፊት ቃል የሚሰጠውም እዚያ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዘመኑ አልጠየቀውም። እጅ ነሥቶ ቁልቁለቱን ያዘ። ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ዶማ ሲወርድ ሰማ። አንድ ነበር። ቆም ብሎ አዳመጠ፤ ሁለት ሆነ።