ለመጨፍለቅ የተለዩ ቀለሆች

ሄድሊ ሬሳው ላይ ጎንበስ ሲል የኮቱ ኪስ ተንቃጨለ።

ዶርካስ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ቀና አለች። ድምፁ የናስ የጥይት ቀለህ ድምፅ መሆኑን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። አባቷ ሊያንደር ሳሎኑ መስኮት ሥር፣ በተከፈተው ሣጥን ውስጥ፣ በሕይወቱ ያልወደደውን ከረባት አስረውለት ተኝቷል። ጎረቤታቸው ሄድሊ ደግሞ "እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር" እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። ለለቅሶ ከመግባቱ በፊት ግን በጓሮ ዞሮ የሟቹን መሥሪያ ክፍል ጎብኝቷል ማለት ነው።

ደግ ሰው። ሬሳው ከተዘረጋ ጀምሮ ይህን ያላለ የለም። መንደሩ ዕድሜ ልኩን ሊያንደርን ቋጣሪ እያለ ሲያማ ኖሮ፣ አሁን የሞላሰስ ዳቦዋን እየገመጠ ደግ አደረገው። ዶርካስ አንድም ሳታስቀር ናቀቻቸው። ንቀቱንም ቢሆን ያስተማራት ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው።

ቋጣሪ ያስባለው ቀለህ ነው። በዚህ የኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ወንዱ ሁሉ የእንግሊዝ ጦር ባስወገደው አሮጌ ጠመንጃ አጋዘን ያድናል፤ የተኮሰውንም ቀለህ ባሩድና እርሳስ መልሶ ይሞላል። ሌላው ያገኘውን ይሞላል፣ ሊያንደር ግን ይመርጥ ነበር። የነዚያ ጠመንጃዎች ጥይት መጉረሻ ሰፋ ያለ ስለሆነ ናሱ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፣ ከወደ ታችም ከውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ሊያንደር ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ውስጡን ይዳብሳል። ሽቦዋ ስርጉድ መስመር ላይ ከተያዘች፣ ያ ቀለህ ቢሞላ ለሁለት ተበጥሶ እሳቱን ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልስ ይችላል።

ዶርካስ ልጅ ሳለች ሄድሊ ቀለህ ሊለምን መጥቶ ነበር።

"የማትፈልጋቸውን እንኳ ስጠኝ እንጂ። እንደ አዲስ ያበራሉ።"

"አንተ የምትመርጠው በብርሃናቸው ነው?"

"ታዲያ በምን ልምረጥ?"

ሊያንደር ፒንሳውን አነሳ። የቀለሆቹን አፍ እፊቱ ጨፈለቀ። ሄድሊ እየተሳደበ ወጣ። ዶርካስ ለምን አልነገርከውም ስትለው፣ "ለሄድሊ ሳስረዳ ከምደርቅ ፒንሳው ይሻለኛል" አላት። እንዲህ ነበር አባቷ፤ የሰውን ዓይን ያድናል፣ ሰውየውን ማናገር ግን ይጸየፋል።

ባለፈው የአደን ወቅት ታዲያ ከቤት አልወጣም። "የዘንድሮ አጋዘን ጥይት አያስወጣም" ብሎ ምድጃው ጥግ ተጎለተ።

"አባዬ፣ ሄድሊ እንኳ ወጥቷል" አለችው። "ከሄድሊ አነስክ።"

ዝም አላት። ንቆኝ ነው ብላ እሷም ናቀችው፤ ክረምቱን እንዲሁ ተኳርፈው ከረሙ።

"ጋሽ ሄድሊ" አለች አሁን፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ። "ኪስዎን ያራግፉ።"

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ።

"ኧረ ልጄ፣ ሬሳ ፊት" አሉ አክስቷ ትራይፊና።

"ሬሳው ቢችል ራሱ ይላቸው ነበር፣ አክስቴ።"

ሄድሊ ፊቱ ቀላ። "ለማስታወሻ ብዬ ነው እንጂ... በጣሳ ሞልተው ተቀምጠው አየሁ። ለሟች ምን ያደርጉለታል?" እያለ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። አበሩ።

"ለመጨፍለቅ የተለዩ ናቸው፤ ሳይጨፈልቃቸው ሞተ። ቢሞሏቸው ዓይንዎን ነበር የሚያጠፉት።"

"አባትሽ መቼም ሰው እንዳይጠቀም..."

ዶርካስ ፒንሳውንና ሽቦዋን ከመሥሪያ ክፍሉ አምጥታ አንዱን ቀለህ ዳበሰች። ሽቦዋ ተያዘች። የሄድሊንም እጅ ይዛ አስዳበሰችው።

ሁለተኛውን አነሳች። ሽቦዋ ከታች እስከ ላይ ለስልሳ ወጣች። ደገመችው፣ ደህና ነው። ሌላ አነሳች፣ ደህና። ሌላም፣ እሱም ደህና።

አባቷ ያን ክረምት ምድጃው ጥግ ሆኖ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ሲታገል ታያት። እርዳታ ጠልቶ ነው ብላ አልፋው ነበር። ጣቶቹ ደንዝዘው የሽቦዋን መያዝ አልሰማ ብለውት ኖሯል። ደህናውን ከሳሳው መለየት ሲያቅተው ሁሉንም ጣሳው ውስጥ ጣላቸው፤ የሚያምነው ቀለህ ስላጣም ከቤት ዋለ። ልጁ ከሄድሊ በታች ስታደርገው ዝም ያለው ይህን ላለመናገር ነው። 

"እሱስ?" አለ ሄድሊ፣ ሽቦዋን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ። "ደህና ነው እንዴ?"

ዶርካስ ሽቦዋን ኪሷ ከተተች።

"ሳስቷል። ሁሉም ሳስተዋል።"

"ጉድ ልሆን ነበር ለካ" አለ ሄድሊ ራሱን እየነቀነቀ። "የሊያንደር እጅ መቼም አይሳሳትም።"

"አይሳሳትም" አለችና ደህናውን ቀለህ በፒንሳው ጨፈለቀችው።