ከእንባ የማይበልጥ ጨው

«ሴል ማለት እኮ ቤት ነው፤ ግድግዳው ስስ ቅባት፣ ውስጡ ውሃ» ይል ነበር አንደኛው ድምፅ።

«በሩስ?» አለ ሌላው።

«በሩማ መራጭ ነው። ጨው ብቻውን ቢያንኳኳ ያመነታል፤ ስኳርን አስከትሎ ከመጣ ግን ወለል ይልለታል። ውሃ ደግሞ...»

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልያዘችውም። ያኔ ልጅ እግር ነበረች። የትምህርት ቤቱን መጋረጃ ስትዘመዝም ሁለት መምህራን በመስኮቱ ማዶ ሲጨዋወቱ፣ ክሯ አልቆባት ሌላ በመርፌዋ ስታስገባ የወሬው ጫፍ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ሰው እየጠየቀች፣ ገጹ የተገነጠለ መጽሐፍ ሳይቀር እያነበበች ቀሪውን ለቃቅማለች። ሰፈርተኛው «ጆሮ» የሚላት ወዶ አይደለም።

ዛሬ ያ ወሬ የሞት ሽረት ጉዳይ ሆነባት። ቆዳ አልፊው ታላቅ ወንድሟ ሆዱ እንደ ውሃ እየወረደበት፣ ዓይኑ ሰርጉዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ተኝቷል። ከባዶ ውሃ በቀር አልቀምስም አለ። እሷም ጨውና ስኳር በግምት በጥብጣ አቀረበችለት።

ገና ከንፈሩን ሲያስነካው ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ለሰው ነው ለቆዳ?»

«ላንተ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ሲባል አልሰማህም?»

«እኔን ጨው ታስተምሪኛለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ እርጥብ ቆዳ ላይ ስነሰንሰው ኖሬ! ጨው ነክቶት ውሃውን ያልተፋ ቆዳ አላየሁም። አድርቀሽ ግድግዳ ላይ ልትሰቅይኝ ነው?»

ልትስቅ ስትል ቀመሰችው። ምላሷን ቆነጠጣት። ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ጨው ከበዛ ከውጭ ሆኖ የሴሉን ውሃ ይስባል እንጂ አያስገባም። ያንን ማወቅ የነበረባት እሷ ነበረች። «አምላኬ፣ አንተው ጠብቀኸዋል» ብላ ወደ ላይ ቀና አለችና ብርጭቆውን ደፍታ ወደ ጤና ጣቢያው ገሠገሠች።

«ለምን ይዘሽው አልመጣሽም?» አለቻት ነርሷ።

«በሬ ቢጎትተው አይነሳም።»

ነርሷ ጨውና ስኳሩ ተመጥኖ የታሸገ ዱቄት ሰጠቻት። «በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጪው፤ ውሃውን እንዳታሳንሺ። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለሽ ድፊው። ቢያስመልሰው ትንሽ ቆይተሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው። መጠጣት ካቃተው ግን ምንም ይበል ምን፣ አስነሥተሽ አምጪው።»

ውሃ አፍልታ፣ አብርዳ፣ በጥብጣ ገባች።

«ደግሞ መጣሽ?»

«መጣሁ። ብታባርረኝም እመጣለሁ። እስቲ ንገረኝ፣ የደረቀ ቆዳ ለማራስ ምን ታደርጋለህ?»

«እዘፈዝፈዋለሁ። ታዲያ እኔም ባዶ ውሃ እየጠጣሁ አይደል?»

«የሞተ ቆዳ እኮ በሩ ተገንጥሎ የቀረ ቤት ነው፤ ውሃ እንዳሻው ይገባል። አንተ ሕያው ነህ፤ በርህ ላይ ዘበኛ አለ። የአንጀትህ ሴል ጨውንና ስኳርን እጅ ለእጅ አያይዞ ሲያስገባ ውሃው ይከተላቸዋል። ከሰውነትህ የወጣውን ጨውም ባዶ ውሃ አይተካልህም። ቅድም የበጠበጥኩት በዝቶ ነበር፤ አንተ ልክ ነህ። ይሄ ግን ከእንባ አይበልጥም።»

ዓይኑን አሸት አድርጎ ደረቅ ጣቱን አሳያት። «እንባ የት አለኝና ልለካው፣ እቱ?»

እስካሁን ችላ የያዘችው እንባ በጉንጯ ወረደ። «የእኔን ለካበት» አለችው።

 እሱ ብርጭቆውን በአገጩ አመለከታት። «መጀመሪያ አንቺ።»

ተጎነጨችለት። እሱም አንድ ማንኪያ ቀመሰና ምላሱን በአፉ ውስጥ አዟዟረ፤ ቆዳ ሲመረምር እንደሚያደርገው ቅንድቡን ሰብስቦ።

«ይሄ አያደርቅም» አለ በመጨረሻ። «እሺ፤ በማንኪያ ስጪኝ፣ እጠጣለሁ። ሆዴ ከመለሰው ደግሞ ልብሴን አቀብይኝና ጤና ጣቢያው ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።»