ኮዱ የሚመጣበት ስልክ

"ይሄን ጥቁር መስኮት ዝጊውና እንደ ሰው በማውስ ሥሪ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከወንበሯ ጀርባ ቆሞ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ።

"በማውስ አይሆንም ጋሼ። ትእዛዙ የሚጻፈው እዚህ ነው።"

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ጣቶች አላቆሙም። የመሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃሎች በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ዲጂታል ካዝና ውስጥ አስገብታ ጨርሳለች፤ የቀራት ማን በምን መንገድ እንደሚገባ መወሰን ነው። በየቀኑ መረጃ ለመጠባበቂያ ለሚገለብጠው ማሽን የራሱን ቁልፍ ሰጠችው። ለሰው ደግሞ የይለፍ ቃልና ስልክ ላይ የሚመጣ ኮድ። ማሽኑ አላስቸገራትም። ማሽን ጥርሱን አይጎረጉርም።

እስከ ትናንት ድረስ የይለፍ ቃሎቹ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ በትልልቅ ፊደል ታትመው፣ ላሚኔት ተደርገው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነበር። ውሃ የሚያመጣው ሰውዬ ሳይቀር እየቆመ ያነባቸዋል። ላሚኔቱ እንዳይቆሽሹ ነው። እንዳይቆሽሹ!

"የእኔ ኮድ በአንቺ ስልክ ይምጣ" አለ። "ስብሰባ ላይ ሆኜ ስልክ ስነካካ ልዋል? ደውዬ እጠይቅሻለሁ፣ ትነግሪኛለሽ። አለቀ።"

"እንደ ቀዩ?"

"ምን አልሽ?"

"ምንም።"

ከእሷ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው፣ ሁሉም "ቀዩ" የሚለው ባልደረባዋ የሥራ አስኪያጁን ኮድ በስልኩ ይቀበል ነበር። የደንበኞች ፋይል የጠፋ ዕለት ማን እንደሰረዘው ሁሉም ያውቃል፤ የመግቢያ መዝገቡ ላይ የተገኘው ግን የቀዩ ስልክ ቁጥር ነው። ሥራ አስኪያጁ "አምነነው ነበር እኮ" ብሎ መነጽሩን ጠራረገ። ቀዩ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። እስካሁን ሥራ አላገኘም።

ሥራ አስኪያጁ ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር ብላ አሰበች። ሌባ ቢያንስ በገዛ እጁ ይሰርቃል።

"ፈራሽ እንዴ ልጄ? እኔ እኮ እንደ አባትሽ ነኝ።"

አባቷ በሌላ ሰው ስም ፈርሞ አያውቅም።

መስኮቱ ስልክ ቁጥር ይጠብቃል። የራሷን የመጀመሪያ አራት አሃዞች ጽፋ ነበር። አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ከዚያ ስሙ በወርቅማ ቀለም የታተመበትን የሥራ አስኪያጁን ካርድ ከጠረጴዛው አነሳች፤ ቁጥሩን እያየች ጻፈችና ኢንተርን ተጫነች።

የሥራ አስኪያጁ ኪስ ጮኸ።

"የእርስዎ ነው ጋሼ" አለች፣ ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ። "ስድስት ቁጥር ነው። ራስዎ ያስገቡት።"