በያጁ ለምን ጠቆረ

በያጁ ሲጠቁር ማንም አልገረመውም። ሃያ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው፤ "እሳቱ ነው" ይሉታል፣ እሱም "እሳቱ ነው" ይላል። ሲከሳ ደግሞ ሥራ በዝቶበት ነው ተባለ። ሚስቱን ግራ ያጋባት የጨው አምሮቱ ነበር። አንድ ቀን ጓዳ ስትገባ በእፍኙ እየዘገነ ሲቅም ያዘችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ከብት ሆንክ እንዴ?"

"አማረኝ፣ ምን ላድርግ?" አለ እየሳቀ። ሳቁ ግን አቅም አልነበረውም። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ግድግዳ ይዞ ነው የሚቆመው።

ከዚያ ጉንፋን ያዘው። ሌላ ሰው ቆሞ የሚጨርሰው ጉንፋን እሱን አልጋ ላይ ጣለው። በሁለተኛው ቀን ሲያስመልሰው ዋለ፤ ሚስቱ ብትጠራው መልስ መስጠት አቃተው። ከጎረቤት ጋር ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት።

ሐኪሟ ግፊቱን ሁለቴ ለካች፤ ሁለቴም በጣም ዝቅ ብሏል። ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አየች፤ እሱም ጠቁሯል።

"በያጅ ነው፤ እሳቱ ነው ያጠቆረው" አለች ሚስቱ።

"እሳቱ አፉ ውስጥ በየት ገባ?"

ሐኪሟ ደም አስቀዳች፤ ውጤቱን ሳትጠብቅ ግን ጨው ያለበት ፈሳሽና መድኃኒት በደም ሥሩ እንዲገባለት አደረገች። በማግስቱ ረፋድ ላይ በያጁ ዓይኑን ገልጦ "ራበኝ" አለ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው።

"በኩላሊቶቻችን አናት ላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ጨው ከሰውነት እንዳያልቅ፣ ግፊት እንዳይወርድ፣ ስንታመም እንድንቋቋም የሚያደርጉ ሆርሞኖችን ያመርታሉ። የእርስዎን ዕጢዎች የገዛ ሰውነትዎ መከላከያ ጠላት መስለውት አጥፍቷቸዋል። አንጎል ደግሞ 'ሥሩ' እያለ ትእዛዝ ይልካል፤ የሚሰማው ሲያጣ ያበዛዋል። ቆዳዎን ያጠቆረው የዚያ ትእዛዝ ብዛት ነው።"

"ታዲያ ይድናሉ?" አለ በያጁ።

"እነሱ አይድኑም። እርስዎ ግን ሆርሞናቸውን የሚተካ ኪኒን እየወሰዱ ይኖራሉ፤ ዕድሜ ልክ፣ አንድም ቀን ሳያቋርጡ። ትኩሳት ሲይዝዎ እጥፍ ያደርጉታል። ካስመለሰዎ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ስለማይቆይ እቤት መርፌውን ተወግተው ቶሎ ወደዚህ ይመጣሉ።"

መርፌ አወጋጉን ነርሷ ለሚስትየው አሳየቻት። እሷም ደጋግማ ሞክራ ተማረች።

ከወራት በኋላ ትኩሳት ያዘው። "ቀላል ነው፣ ስተኛ ይለቀኛል" አለ።

"ባለፈውም ቀላል ነበር። እጥፉን ዋጥ!" አለች ሚስቱ።

እየተነጫነጨ ዋጠ። በአራተኛው ቀን የአንድ ትምህርት ቤት በር ሊገጥም ወጣ።