ስም አውጪው ስልክ

ሲስተር ሙሉወርቅ በሰው ቀንታ አታውቅም ነበር። ጎረቤቷ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ደስ ይላታል፤ ባልደረባዋ ወደ ሆሳዕና ስትዛወር ዕቃዋን ያሰረችላት እሷ ናት። እንዲህ ያለች ሴት ጸጉሯ ከሸበተ በኋላ በስልክ ትቀናለች ብሎ ማን ይገምታል? ቀናች። ያውም አንጀቷ እስኪያር።

ከጃጁራ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። መንገድ ሳይገባ፣ በጭቃው በበቅሎ እየሄደች የስንቱን ቤት ልጅ ተቀብላለች። በጤና ጣቢያው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ምጥ ጠንቶባት የነበረች ሴት በሰላም ስትገላገል «ሲስተር፣ ስሙን አንቺ አውጪልን» ይሏታል። እሷም ለወጉ ትንሽ ታንገራግርና ታወጣለች። ደስ ብሏት በዋለች ቀን የራሷን ስም ትሰጣለች። በገበያ ቀን «ሙሉወርቅ!» ተብሎ ሲጠራ ዞር የምትለው አንዲት ልጅ ብቻ አይደለችም። ሙሉወርቅ አልወለደችም፤ ስለዚህ ይህ ነገር ለእሷ ቀላል አልነበረም።

ከዚያ ሞባይል መጣ። ከሞባይሉ ጋር ዶክተር ምስክር መጣ።

ዶክተር ምስክር የፎንቆ ልጅ ነው፤ ሆሳዕና ይሠራል። ለምርመራ የሄደችን ነፍሰ ጡር ሁሉ ቁጥሩን ይሰጥና «ግራ የገባሽ ነገር ካለ ሚስኮል አድርጊልኝ፣ እኔ እደውላለሁ» ይላታል። ይደውላልም። ድሮ እግራቸው ያበጠ ሴቶች ከሙሉወርቅ በር አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይጠብቋት ነበር። አሁን እቤታቸው ቁጭ ብለው ሚስኮል ያደርጋሉ። ይባስ ብለው ደግሞ እሷኑ መልሰው ያስተምሯታል። «ጨው ቀንሺ ብሎኛል ዶክተር»፣ «በጎንሽ ተኚ ብሎኛል ዶክተር» ይላሉ።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ስለው የኖርኩትን ስልክ ሲለው ወንጌል ሆነ!» ትላለች ሙሉወርቅ፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ከሁሉ ያቃጠላት የጵርስቅላ ነገር ነው። ጵርስቅላ የድንች ነጋዴው የዋለ ሚስት ናት፤ እርጉዝ ሆና የደም ግፊቷ ከፍ ስላለ ዶክተሩ በስልክ ይከታተላታል። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ እየመጣች ትለካለች። ሙሉወርቅ ለክታ ቁጥሩን ስትነግራት፣ እዚያው ፊቷ ስልኳን አውጥታ ለዶክተሩ ታነብለታለች፤ ምን ማድረግ እንዳለባት የምትጠይቀውም እሱን ነው። ሙሉወርቅ ቁጥር አንባቢ ሆና ቀረች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የነበረው ስልክ ሳይመጣ ነው» ብላ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ቅናት ለአጥንት ነቀርሳ ነው ሲባል በቤተ ክርስቲያን ስንቴ ሰምታለች፤ ግን ማን ስንት ጊዜ በሰማው ነገር ይድናል?

በሐምሌ፣ ዝናብ ባባራበት ቀትር ላይ ዋለ እየሮጠ መጣ። ጵርስቅላ ምጥ ይዟታል። ሙሉወርቅ ቦርሳዋን አንግታ ተከተለችው። ቤት ስትደርስ ከጵርስቅላ ራስጌ ስልኩ ይጮሃል። ቀድመው ሚስኮል አድርገውለታል! ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ስልኩን እንዳላየች አልፋ ሆዷን መዳሰስ ጀመረች። አንዲት ጎረቤት ስልኩን አንስታ የሙሉወርቅ ጆሮ ላይ ደቀነችው።

«ሲስተር፣ ግፊቷ ስንት ሆነ?» አለ ምስክር።

አልለካችም። ከምንም በፊት መለካት እንዳለባት እያወቀች፣ በንዴት አልለካችም። አሁን ለካች። የግፊት መለኪያው ያሳያትን አስፈሪ ቁጥር አነበበችለት። ምስክር ድምፁን ሳይለውጥ የትኛውን መርፌ እንደምትወጋ፣ ምን ያህል እንደምትሰጥ ነገራት። አምቡላንስም ራሱ ደውሎ አስነሳ። አምቡላንሱ ጭቃው ይዞት ሲታገል ሕፃኗ ቀደመችው፤ ሴት ናት፣ ጤነኛ፣ ጩኸታም። የእናቲቱም ግፊት ቀስ በቀስ ቀነሰ። ያ ስልክ ባይጠይቃት ኖሮ ዛሬ በዚህ ቤት ለቅሶ ሊሆን እንደሚችል ሙሉወርቅ ታውቃለች። ይበልጥ ያንገበገባት ይህን ማወቋ ነው።

ዋለ በወጉ መሠረት ደጅ ቆሟል። የሕፃኗን ድምፅ ሲሰማ «ጌታ ይመስገን!» ብሎ ጮኸ። ቀጠለና በበሩ ቀዳዳ «ሲስተር! ዶክተሩን ስም አውጣልን በይልኝ!» አላት።

ዶክተሩን! እጇ ገና በደም እንደተነከረ ነው። ሕፃኗን የተቀበለችው እሷ፣ እትብቷን የቆረጠችው እሷ። ቢሆንም ስልኩን ይዛ ጠየቀችው።

«እኔ?» አለ ምስክር። ሳቀ፤ ደስታው ከድምፁ ይሰማል። «በሕይወቴ ለሰው ስም አውጥቼ አላውቅም እኮ ሲስተር! እሺ... አቢጋኤል በሏት።»

ሙሉወርቅ ስልኩን ዘጋችው።

«ማን አላት?» አለ ዋለ ከደጅ።

«ሙሉወርቅ» አለች። አፏ ቀደማት ልበል? አልቀደማትም። አስባ ነው ያለችው።

ቤት ውስጥ ያሉት ጎረቤት ሴቶች ሳቁ። ዋለ ጭንቅላቱን በበሩ አስገባና «አይ ዶክተር! እሱ ምን ያድርግ፣ አያውቅም» አለ።

«ምኑን ነው የማያውቀው?» አለች ሙሉወርቅ።

ጵርስቅላ ከትራሷ ቀና ለማለት ሞከረች። «የታላቋ ስም ሙሉወርቅ መሆኑን አልነገርሽውም እንዴ ሲስተር?»

«ታላቋ?»

ጓዳ የነበረች ልጅ ተጠርታ መጣች። ረዘም ያለች፣ የፊት ጥርሷ ገና እየበቀለ ያለ ልጅ ናት። «በበቅሎ መጥተሽ ያዋለድሻት እኮ ናት» አለች ጵርስቅላ። «ስሟንም ያወጣሽላት አንቺ። ለሁለተኛዋ ደግሞ ደጋግመን አናስቸግራት ብለን ነው ዶክተሩን የጠየቅነው።»

ሙሉወርቅ የልጅቷን ፊት አየች፣ ደግማ አየች። ምንም አልመጣላትም። ያቺን ቀን፣ ያንን በቅሎ፣ ይህን ቤት አታስታውስም። ረሱኝ ብላ የተንገበገበችባቸው ሰዎች ስሟን ሲያሳድጉ፣ እሷ ልጅቷን ጨርሳ ረስታታለች።

ዋለ ስልኩን አንስቶ «ቆይ ልንገረው፣ ሌላ ያውጣልን» ብሎ መነካካት ጀመረ።

«አትደውል» አለች ሙሉወርቅ። ድምፅዋ ቀጠነ። «አቢጋኤል ነው ያላት። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዋለ ስልኩን ራስጌው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ሕፃኗ ጡት ፍለጋ አፏን ታላውሳለች። ሙሉወርቅ ዕቃዋን ወደ ቦርሳዋ መክተት ጀመረች፤ ሰው ዐይን እንዳታይ አንገቷን እንደደፋች።

«ለምን?» አለች ጵርስቅላ። ተቆጥታ አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው። «እኛ እዚህ ቤት ሲነጋም ሲመሽም ስምሽን እየጠራን አይደል እንዴ የምንኖረው?»