ጣዕም፦ ደህና

እና ቀምሻለሁ እኮ፣ ውሸት አይደለም፣ አፌ ውስጥ ከትቼ አኝኬዋለሁ፣ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አገላብጬዋለሁ፣ ተፍቼ በውሃ ተጉመጥምጬ ቅጹ ላይ ሽታ፦ ደህና፣ ጣዕም፦ ደህና ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ማንም ቢጠይቀኝ ቀምሻለሁ ነው የምለው፣ ግን አሁን የሚጠይቀኝ ማንም አይደለም፣ ሥራ አስኪያጁ ነው፣ እኔም በሩ ፊት ለፊት ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ እስኪጠራኝ እጠብቃለሁ፣ ጉልበቴ ላይ ከአባቴ ቤት ያመጣሁት ከረጢት አለ፣ ከግማሽ በታች የቀረ የውሻ ምግብ፣ እኛው ያመረትነው፣ እኔው የፈረምኩበት።

ከታች ማሽኑ ይጮኻል፣ ወለሉ በጫማዬ በኩል ይንቀጠቀጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ። በቆሎው ይፈጫል፣ የሥጋ ዱቄቱ ይገባል፣ ስቡ ይረጫል፣ እንደ አዝራር እየተቆራረጠ ይወጣል፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ይሸታል፣ ይሸታል ነው የሚሉት፣ አዲስ የሚቀጠሩት አፍንጫቸውን ይዘው ነው በሩን የሚያልፉት፣ ለእኔ ግን ስምንት ወር ሆነኝ፣ ምንም። ያ ጉንፋን፣ ጉንፋን ነው ብዬ የናቅኩት፣ አሥር ቀን አልጋ ላይ ጥሎኝ ሲነሳ አፍንጫዬንም ምላሴንም ይዞ ሄደ፣ ሳሙናና ዳቦ አንድ ሆኑብኝ። ይመለሳል አለኝ ሐኪሙ። መቼ? አንዳንዱ በወሩ፣ አንዳንዱ በዓመቱ፣ አንዳንዱ ደግሞ፣ ብሎ የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራ። ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ወደ ቅምሻ ክፍሌ ተመለስኩ፣ ምን ልበል፣ የትኛው ሹፌር ነው ተነስቶ ዓይኔ አያይም የሚለው?

ጫኞቹ እትዬ ምላስ ይሉኛል። እትዬ ምላስ፣ ዛሬስ ቁርስ ምን ነበር፣ ዶሮ ነው በሬ? ይስቃሉ፣ እስቃለሁ፣ ሰው ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እውነት ትውጪዋለሽ? ይላል። አልውጠውም። ያስተማረኝ ሽማግሌም አይውጥም ነበር፣ ጋሽ ቅምሻ ነበር የምንለው፣ እውነተኛ ስሙን ጡረታ የወጣ ዕለት ነው የሰማነው። የመጀመሪያ ቀኔ መዳፌ ላይ አንድ ፍሬ አኖረልኝ፣ አየሁት፣ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የውሻ ነው። ታዲያ ውሻ ምላስ የለውም? አለኝ። ስሚ ልጄ፣ ሰው ምግቡ ካልጣመው ይሳደባል፣ ሳህኑን ይገፋል፣ ወጥቶ ጎረቤት ይበላል፣ ይሄ ግን ከሰጡት ሳህን ሌላ የለውም፣ አንቺ እዚህ የተቀጠርሽው አፍ ለሌለው አፍ እንድትሆኚ ነው፣ አኝኪ። አኘኩ። የተቃጠለ አጥንት፣ ካርቶን፣ ከሥር የሆነ የደረቀ ሥጋ ነገር፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ግን በሦስተኛው ወር ያረጀ ስብና የሻገተ እህል ዓይኔን ጨፍኜ እለይ ነበር፣ ከደጅ ገብቼ ገና ጋዋኔን ሳልቆልፍ፣ ይሄን አቁሙት ስል ማሽኑ ይቆም ነበር። እኔ ስል ይቆም ነበር። ላብራቶሪ ናሙና የሚላከው በወር አንድ ጊዜ ነው፣ በመሃል ያሉት ሃያ ዘጠኝ ቀናት እኔ ነኝ።

እኔ ነበርኩ።

አባዬ በዚህ ይኮራል፣ ይኮራ ነበር፣ እሱ ራሱ አርባ ዓመት የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበር፣ ልጄ ያልቀመሰችው ከዚህ ቤት አይገባም እያለ ከረጢቱን ለጎረቤት ያሳያል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እሱና ዳኛ ናቸው፣ ዳኛ ውሻው ነው፣ ስሙን ያወጣችው እሷ ነች፣ ሁለት ሰው ሲከራከር መሃል ገብቶ ይቀመጥና ጭንቅላቱን ዘመም አድርጎ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ይሰማል፣ በማንም ላይ አይፈርድም፣ ቀጠሮ ሰጥቶ ይወጣል፣ ትል ነበር፣ እኛም እንስቅ ነበር፣ ጠባችንም እዚያው ይቀር ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቱ። አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ የሚወድቅ።

ከአራት ሳምንት በፊት ስልኬ ጠራ። ልጄ፣ ዳኛ አልበላም አለኝ። ምን ሆነ? አዲሱን ከረጢት ከከፈትኩለት ጀምሮ ያሸተዋል፣ ያሸተውና ይጮህበታል፣ ሳህኑ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ጨጓራው ይሆናል አባዬ። ምን ጨጓራ፣ ከራሴ ሳህን ስሰጠው ልሶ ያጠራዋል እኮ። በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፣ ዳኛ ይጮኻል፣ አጭር አጭር፣ እንደ ሳል፣ እኔም ቸኩያለሁ፣ በሁለት ጣቴ የሚቀጥለውን ናሙና ይዣለሁ፣ አባዬ፣ ያቀበጥከው አንተ ነህ፣ ከሳህንህ አትስጠው፣ ሲርበው ይበላል። ቀምሰሽዋል አይደል? አለኝ። እዚህ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው፣ ምናለ ትንሽ እንኳን ባመነታ፣ ትንሽ ባስል፣ ግን አፌን ሞልቼ አዎ አልኩት።

ሲርበው በላ። ሁለት ቀን ተኝቶ ሳህኑን ሲያይ ሰነበተ፣ በሦስተኛው በላ፣ አባዬም ደውሎ በደስታ፣ እውነትሽን ነው፣ ቅብጠት ኖሯል፣ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ማስመለስ ጀመረ፣ ከዚያ ውሃም እምቢ አለ፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። የእንስሳት ሐኪሙ ጉበቱ ነው አለ፣ ምንድን ነው የበላው? ልጄ የቀመሰችውን፣ አለ አባዬ። እኔ አጠገቡ ቆሜ። ልጄ የቀመሰችውን።

ማክሰኞ ጠዋት ስደርስ ዳኛ ሞቷል፣ ኩሽናው በር ላይ ተኝቷል፣ አባዬ መሬት ላይ ተቀምጦ የምትወድቀዋን ጆሮ በእጁ ይዟል። አላለቀሰም። ተነስቶ ከረጢቱን አመጣ፣ እጁን ሰደደ፣ አንድ እፍኝ። አባዬ ተው። አፉ ውስጥ ጨመረው። አባዬ ተው እንጂ፣ ያምሃል! ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ በቀሩት ጥርሶቹ፣ በአንድ ጎኑ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም፣ ከዚያ መዳፉ ላይ ተፋው። ይሄ ዝናብ የገባበት በቆሎ ነው፣ አለ። ግድግዳ የተጠጋው ጆንያ፣ የታችኛው፣ ደርቆ ቢፈጭም ጣዕሙ አይለቅም፣ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ቀምሼዋለሁ ብለሽኛል። ቀምሼዋለሁ አባዬ። ታዲያ እንዴት ሳታውቂ ቀረሽ?

ከረጢቱን ተሸክሜ ወጣሁ። መልስ የለኝም ብዬ አይደለም። መልሱ ስለነበረኝ ነው።

ግቢ፣ ይላል ሥራ አስኪያጁ። በእድሜ ታናሼ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ብቻ። ተቀመጪ፣ መቼም ወሬው ደርሶሻል፣ አራት ውሾች ሞተዋል፣ አሥራ አንድ ታመዋል፣ ሁሉም ከአንድ ቀን ምርት። አምስት፣ እላለሁ። ምን አልሽ? የሞቱት አምስት ናቸው። እሺ አምስት፣ ለማንኛውም አትጨነቂ፣ ፊርማሽ አለ፣ ደህና ይላል፣ ደንበኞቹ እርጥብ ቦታ አስቀምጠውት ነው የሚሆነው፣ ይህችን ደብዳቤ ብቻ ፈርሚልን። አነበዋለሁ፣ በዕለቱ የተመረተው ምርት በባለሙያ ተቀምሶ ለእንስሳት ምቹ መሆኑ ተረጋግጦ የወጣ ስለመሆኑ፣ ባለሙያ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ቃሉ ወረቀቱ ላይ ያምራል። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ፣ አፉን እፈታለሁ፣ አንድ ፍሬ አውጥቼ ደብዳቤው ላይ አስቀምጣለሁ።

ቅመሰው።

ይስቃል። ምን ነካሽ፣ የውሻ ምግብ እኮ ነው። አባቴ ቀምሶታል። አባትሽ ይቀምስ፣ እኔ ሰው ነኝ፣ ሲል ራሱን ይሰማል፣ ይቅርታ፣ እንደዚያ ለማለት አይደለም፣ ወንበሩን ግን ወደ ኋላ ይገፋል፣ በአንዲት ፍሬ ምክንያት፣ ጊንጥ ያኖርኩበት ይመስል። አየዋለሁ፣ ልናደድበት እፈልጋለሁ፣ አልችልም፣ እሱ እንኳ እንደማይቀምሰው በግልጽ ተናገረ። ስምንት ወር ሆኖኛል፣ እላለሁ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል፣ ማሽተትም መቅመስም አልችልም፣ አኝኬ እተፋለሁ፣ ደህና እላለሁ፣ በቃ።

ተነስቶ በሩን ይዘጋል። ለማን ተናግረሻል? ለማንም። ጎሽ፣ ለማንም አትናገሪ፣ እኔም አልሰማሁም፣ አየሽ፣ ይሄ ነገር ከወጣ አንቺም የለሽ ይሄ ቤትም የለም፣ ታች ያሉትን አስቢያቸው፣ ሁሉም ቤተሰብ አላቸው፣ ደግሞስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንጀራሽ ነው፣ ውሻ እንኳን በበላበት ይጮኻል።

ይጮኻል። ልክ ነህ፣ ይጮኻል። በበላበት ቆሞ ጮኸ፣ በስልክ ሰማሁት፣ በገዛ ቋንቋው ነገረን፣ ቅብጠት ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት። ይሄን ለእሱ አልነግረውም፣ አይገባውም፣ ወይም ይገባዋል፣ ምን ያደርግልኛል። ደብዳቤውን እገለብጠዋለሁ፣ ጀርባው ነጭ ነው፣ እስክሪብቶውን ከፊቱ አንስቼ እጽፋለሁ፣ ቀማሿ ላለፉት ስምንት ወራት ማሽተትም መቅመስም አትችልም ነበር፣ በእነዚህ ወራት ደህና የተባለው ሁሉ እንደገና ይመርመር፣ ፊርማ፣ ያው ፊርማዬ፣ ይዤው ስነሳ ስሜን ይጠራል፣ ደረጃውን እወርዳለሁ፣ እንደገና ይጠራል።

የሽያጭ ክፍል ኃላፊዋ ጓደኛዬ ናት፣ ብዙ ምሳ አብረን በልተናል፣ ወረቀቱን ታነባለች፣ እንደገና ታነባለች፣ ውይ አንቺ፣ ትላለች፣ ውይ ውይ፣ እኔ ቤት ያለችውስ? ድመቷ፣ እሷም የሰፈራችን ሱቅ ድመቶችም ይሄንኑ የውሻውን ነው የሚበሉት፣ የቱ ቀን ነው፣ የቱ ከረጢት? አላውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ለዚህ እኮ ነው ሁሉንም ያልኩት። ታየኛለች፣ ልታቅፈኝ ትነሳና መሃል ላይ ትተወዋለች፣ ስልኩን ታነሳለች። ሄሎ፣ ከፋብሪካው ነው፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን የእኛን ዕቃ በሙሉ ያውርዱልኝ፣ አዎ በሙሉ፣ የገዙትንም ሰዎች ይፈልጉልኝ። ሁለተኛ ቁጥር ትመታለች። ሦስተኛ። ለምን ብለው እንደሚጠይቋት ከመልሷ አውቃለሁ። ቀማሿ፣ ትላለች፣ ቀማሿ ታማ ነበር። እሷም ይህችን ታህል ሸፈነችልኝ፣ ጋዋኔን አውልቄ ወንበሯ ላይ እተዋለሁ፣ ታች ስደርስ ማሽኑ ይቆማል፣ ድንገት፣ ወሬው ቀድሞኛል፣ ጫኞቹ ያዩኛል፣ ዛሬ እትዬ ምላስ የሚለኝ የለም።

አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት ብርቱካን ትልጣለች፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል፣ እኔ የሚዞሩትን አያለሁ።

አባዬ ኩሽና ነው፣ የምስር ሾርባ ጥዷል፣ ከምድጃው ወደ ጠረጴዛው ሲያልፍ በሩ ጋ እግሩን ከፍ አድርጎ ይራመዳል፣ ምንም በሌለበት፣ አሥራ ሦስት ዓመት የለመደው እግር ነው። ሥራሽስ? ትቼው መጣሁ አባዬ። ተቀመጪ። አልቀመጥም፣ ከተቀመጥኩ አልናገርም፣ ቆሜ እነግረዋለሁ፣ ጉንፋኑን፣ ሐኪሙን፣ ቅጹን፣ በስልክ አዎ ያልኩትን፣ ስነግረው ማማሰሉን አያቆምም፣ ስጨርስ ግን ማንኪያው ቆሟል፣ ምስሩ ብቻ ይንተከተካል።

ስምንት ወር? ይላል።

ስምንት ወር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ስትበዪ?

ይሄን አላሰብኩትም። ስለ ዳኛ ይጮህብኛል፣ ውጪልኝ ይለኛል፣ ለዚያ ነበር ተዘጋጅቼ የመጣሁት። አባዬ፣ እላለሁ። እጅህ የእናቴን ሙያ ይዟል ትዪኝ ነበር፣ ይላል፣ ወደ ድስቱ እያየ። እኔማ ጨው የበዛበት ይመስለኝ ነበር፣ ሁሌ፣ ሌሊት ውሃ ሲጠማኝ ያድራል፣ አንቺ ይጣፍጣል ስትዪ ግን ምላሴ ነው ያረጀው ብዬ ዝም አልኩ፣ እናትሽ ከሄደች ወዲህ በአንቺ አፍ ነበር የማበስለው።

ሳላለቅስ መቆም አልችልም፣ እቀመጣለሁ፣ አያባብለኝም፣ ልጄም አይለኝም፣ ሁለት ሳህን ያወርዳል፣ አንዱን ወደ እኔ አንዱን ወደ ራሱ፣ ለዳኛ አትዘኚ አይልም፣ አንቺ ምን ታደርጊ አይልም፣ ተመስገን ነው አለማለቱ፣ ቢለኝ የት እገባ ነበር። ጭልፋውን ይነክራል፣ ወደ አፉ ያመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደዚያን ቀን ጠዋት፣ ፊቱ ይኮማተራል። ከማሰሮው ውሃ ይጨምርበታል፣ ያማስላል፣ ይቀምሳል፣ አሁንም ትንሽ ይጨምራል፣ ይቀምሳል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ማንኪያዬን ይዤ እጠብቃለሁ፣ አይጠይቀኝም።